የባለሽንሽኑ ሰውዬ ካልሲ

ሰው ቁጭ ሲል እጁን ምን ያደርገዋል? ጥያቄዋን ቀላል አድርጋችሁ እንዳታዩአት። እኔ በበኩሌ ሕዝብን ከሕዝብ የሚለየው ቋንቋው ወይም የቆዳው ቀለም ሳይሆን ሥራ በፈታ ሰዓት እጁን የሚያኖርበት ቦታ ነው ባይ ነኝ። የእኛ ሰው ቁጭ ሲል እጁ ከአፉ ጋር አብሮ ያወራል፤ «እኔ እዚህ ጋ ቆሜ፣ እሱ ደግሞ እዚያ ጋ...» እያለ አየሩን ሲያርስ ይውላል። የኖርዌይ ሰው ግን ቁጭ ሲል ከቦርሳው ክርና መርፌ ያወጣና ሹራብ ይሠራል። ስብሰባ ላይ ይሠራል፣ ሐኪም ቤት ወረፋ ሲጠብቅ ይሠራል፣ ባነው ላይ፣ የከተማው ባቡር ማለቴ ነው፣ ተሳፍሮ ይሠራል። አይናገርም። ከእኔ ሰፈር ከአመሩድ እስከ መሐል ከተማ ከአንዷ አጠገብ ተቀምጣችሁ ብትጓዙ፣ ከአንገትጌው ተነስታ ብብቱ ላይ ስትደርስ ታያላችሁ እንጂ ድምጿን አትሰሙም።

እኔ ደግሞ የሁለቱም ደዌ አለብኝ። እጄም አያርፍም፣ አፌም አያርፍም። ሹራብ መሥራት የተማርኩት ልጅ ሳለሁ በእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ ነው፤ መምህራችን ክር ያጠበቀችን ልጅ እዚያው በመርፌው ጣቷን ቸብ የሚያደርጉ ሴት ነበሩ። ኦስሎ ስመጣ ሁሉንም የረሳሁት መስሎኝ ነበር፤ የመጀመሪያው በረዶ ሲወርድ ግን ብርዱ ራሱ አስታወሰኝ። አሁን በምሠራበት ባርነሃገ፣ የሕፃናት መዋያው ውስጥ፣ እኔ ያልሠራሁለትን ኮፍያ የደፋ ልጅ ካያችሁ በዚያ ሳምንት የገባ ነው። ባል የለኝም፤ ድመትም የለኝም፤ ያለኝ ክር ነው። እሱም ከቁም ሳጥኑ ተርፎ አልጋ ሥር ገብቷል። የቤተ ክርስቲያናችን ሴቶች ቤቴ መጥተው ይህን ሲያዩ ከንፈራቸውን ይመጥጡና «እግዜር ትዳር ይስጥሽ» ይሉኛል፤ ክር የትዳር ጠላት ይመስል!

ከእኔ በታች ባለው ፎቅ ማሪት የምትባል ጡረተኛ ትኖራለች። የእናቴን ዕድሜ የምታክልን ሴት «አንቺ» ማለት መጀመሪያ ላይ ምላሴን አስሮት ነበር፤ ነገር ግን በዚህ አገር ትልቁም ትንሹም «አንቺ» እና «አንተ» ነውና ለመድኩት። ማሪት እያንዳንዱ ቃል ቀረጥ ያለበት ይመስል ቆጥባ ነው የምትናገረው። የሚሊኒየማችን ዓመት ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፣ ነሐሴ ላይ፣ በሬን አንኳኳችና «ቅዳሜ የስኮትላንዶች በዓል አለ። ክር ይሸጣሉ። በግም ይመጣል» አለችኝ። ማሪት ሦስት ዓረፍተ ነገር ካከታተለች ጉዳዩ ቀላል አይደለም።

ችግሩ ወቅቱ ፍልሰታ መሆኑ ነበር። ሕዝበ ክርስቲያኑ ሱባኤ ገብቶ ሳለ እኔ የማንም አገር ጭፈራ መሐል ምን እሠራለሁ? ከራሴ ጋር ብዙ ተሟገትኩ። በመጨረሻ ሱፍ ከበግ ቢገኝም ፍስክ እንደማይባል፣ ደግሞም እንደምዳስሰው እንጂ እንደማልበላው ከራሴ ጋር ተስማማሁ። ከዚያ ያለፈ የነገረ መለኮት ክርክር አላስፈለገኝም። ቅዳሜ ማለዳ ተነስቼ ጸሎቴን አደረስኩና ባዶ ዘንቢሌን አንግቼ ወጣሁ። ዘንቢሉ ባዶ መሆኑ ብቻ ሐሳቤን ያሳብቅ ነበር።

በዓሉ የሚከበርበት ሜዳ ሳንደርስ ድምፁ ደረሰን። ያን ባለከረጢት የትንፋሽ መሣሪያቸውን ሰምታችሁት ለማታውቁ ልንገራችሁ፤ ፍየል ከረጢት ውስጥ ከትተው እምቢልታ እንድትነፋ ያስገደዷት ነው የሚመስለው። መጀመሪያ ጆሮ ይሰቀጥጣል። ቀጥሎ ደረት ውስጥ ይገባል። ከዚያ እግራችሁ እናንተን ሳያማክር መራመድ ይጀምራል። እኔ ወደ ሜዳው የገባሁት እየሄድኩ አይደለም፤ እየተመምኩ ነው። ማሪት እንኳ፣ በሕይወቷ ለአውቶቡስ ሮጣ የማታውቀዋ ማሪት፣ እርምጃዋን አሳመረች።

ምን ያላየሁት አለ! ጢማቸው ደረታቸው ላይ የወረደ ወንዶች ከጉልበታቸው በላይ የሚቀር ሽንሽን ቀሚስ ታጥቀው፣ ማንም ሳይስቅባቸው፣ እንደ ባላባት ይንጎራደዳሉ። አንዱ ጎረምሳ የቤት ምሰሶ የሚሆን ግንድ እንደ ሕፃን አቅፎ ያነሳና እየሮጠ ወደ ሰማይ ይወረውራል። ግንዱ ተገልብጦ ሲወድቅ ሰው ሁሉ ያጨበጭባል፤ እኔም የማጨበጭበው ለምን እንደሆነ ሳይገባኝ መዳፌ እስኪቀላ አጨበጨብኩ። ማሪት ግን ግንዱን ትክ ብላ አይታ «ለምን አይፈልጡትም?» አለች። ክረምቱን በምድጃ ያሳለፈ ሰው እንዲህ ነው፤ እንጨት ሲባክን አይወድም።

አንዲት ሳቂታ ሴትዮ ደግሞ የጨርቅ ጥቅሎች ደርድራ እያንዳንዱ ባለመስመር ጨርቅ የየትኛው ጎሳ እንደሆነ ታስረዳለች። ጥለታችሁን አይቶ አገራችሁን የሚያውቅ ሸማኔ በሏት። «ማክ» ብሎ የሚጀምር ስም ሁሉ «የእገሌ ልጅ» ማለት ነው ስትለኝ ሳቄ መጣ። «ታዲያ እኛስ ‹ወልደ› አለን አይደል? የአባቴ ስም ወልደሰንበት ነው» አልኳት። ሴትዮዋ አሰብ አደረገችና በሙሉ ክብር እጄን ጨብጣ «እንግዲያው እንኳን ደህና መጣሽ፣ ማክሰንበት» አለችኝ። ነፍሳቸውን ይማርና አባቴ ይህን ሳይሰሙ መሞታቸው ይቆጨኛል።

ስለ ክሩ ድንኳን ብዙ ባልናገር ይሻላል፤ ራሴን አላምነውም። ከዝናብ በኋላ እንዳለ ጋራ የጠቆረ አረንጓዴ፣ የበሰለ እንጆሪ የመሰለ ቀይ፣ ጭስ የመሰለ ሰማያዊ! እጄን እስከ ክርኔ ከትቼ ዓይኔን ጨፈንኩ። ገና በግ በግ ይሸታል። ጥግ ላይ ፊቷ ጥቁር የሆነ በግ ታስራ ስታመሰኳ «የማን ሥራ መሰለሽ?» በሚል ዓይን ታየኛለች። ባዶ የነበረው ዘንቢል ሞላ፤ ማሪት የያዘችው ቦርሳም ሞላ። ከዚያ እሷ ለምሳ የበግ ጨጓራ ውስጥ ሆድ ዕቃውን ከትፈው ሞልተው የቀቀሉትን የስኮትላንዶች ምግብ ገዝታ መጣች። ዱለትን በራሱ ከረጢት ሰፍተው የቀቀሉት ማለት ነው። ፍልሰታ ባይሆን ኖሮ የእህትማማች አገር ምግብ ነበር። እኔ ሽታውን ብቻ ተካፈልኩ።

እንግዲህ ነገሩ የመጣው ሣሩ ላይ ከተቀመጥን በኋላ ነው።

ከአጠገባችን ካለው ድንኳን ኋላ አንድ ረጅም ሰው የትንፋሽ መሣሪያውን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ብቅ አለ። ዕድሜው ከሃምሳ ፈቅ ያለ፣ ጢሙ ሽበት የዘራበት፣ እንደ ሌሎቹ ሽንሽን ቀሚስ የታጠቀ ነው። የእኔ ዓይን ግን ከሰውየው በፊት ያየው ካልሲውን ነው፤ ሙያ ክፉ ነው። ከጉልበቱ በታች አንስቶ ጫማው ውስጥ የሚገባ ነጭ የሱፍ ካልሲ፣ ያውም የእጅ ሥራ። በጎንና በጎኑ ከላይ እስከ ታች የሚወርድ ጉንጉን አለው፤ ሹራብ ላይ የተሠራ ሹሩባ ብትሉት ነው። «ይህን የሠራች ሴት እጇ ይባረክ» ብዬ ሳልጨርስ፣ የድንኳኑ ካስማ ካልሲውን ባቱ ላይ ለቀም አድርጎ ያዘው። ሰውየው አልታወቀውም፤ መንገዱን ቀጠለ። እሱ ወደ ፊት ይሄዳል፣ ካልሲው ወደ ኋላ ይቀራል።

«ቁም!» ብዬ ጮህኩ። በአማርኛ።

እንዴት እንደገባው አላውቅም፤ ቆመ። ዘወር ብሎ ባቱን አየ። ሱፉ ተቀዶ ክሩ ከካስማው ጋር ተወጥሯል፤ ከቀዳዳው በታች ያሉት የክር ቀለበቶች ደግሞ አንዷ ከሌላዋ እየሾለከች እንደ መሰላል ወደ ታች መፈታት ጀምረዋል። የሰውየው ፊት የካልሲውን ያህል ነጣ። የቡድኑ ሰዎች ከበቡት። ብቻውን የሚነፋበት ሰዓት ደርሶ ኖሮ አንዱ እጁን ይጎትታል፤ ሌላው ከሱቅ የተገዛ ጥቁር ካልሲ ከሻንጣው አውጥቶ «ይህን አጥልቅና ግባ» ይለዋል። ሰውየው ግን ራሱን እየነቀነቀ «ነይ! ነይ! ነይ!» አለ።

ኖርዌይ ለማታውቁ፣ በእነሱ ቋንቋ «ነይ» ማለት «አይሆንም» ማለት ነው። ይህን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም፤ ባርነሃገ ውስጥ ከሕፃናቱ አፍ ስሰማው ነው የምውለው። ነገር ግን ሰው ሲደነግጥ ጆሮው ወደ አገሩ ይመለሳል። ሽበታም ሰው በተጨነቀ ድምፅ «ነይ! ነይ!» ሲለኝ ምን ላድርግ? መጣሁ።

ሰዎቹን ገፋ ገፋ አድርጌ እግሩ ሥር ተንበረከክሁ። ሊያወልቀው ጎንበስ ሲል እጁን ያዝኩት። «እንዳትነካው! ካወለቅከው እስከ ተረከዙ ይፈታል። ዝም ብለህ ቁም።» ማሪት የቀጫጭን መርፌዎቿን መያዣ አጠገቤ ዘረገፈችና «ቀስ በይ» አለችኝ። እኔም የተከፈቱትን ቀለበቶች አንድ በአንድ መርፌ ላይ መሰብሰብ ጀመርኩ። የሰው ባት ላይ ሹራብ ሠርታችሁ ታውቃላችሁ? እንዳትሞክሩት። ባቱ ይተነፍሳል፤ ፀጉር አለው፤ ከላይ ደግሞ ባለቤት አለው።

ባለቤቱ ስሙ ኦድቫር ነው። ስቶቭነር አካባቢ ባለ ትምህርት ቤት ቫክትሜስተር ነው፤ የተሰበረ ወንበር የሚጠግን፣ የተዘጋ ቧንቧ የሚከፍት ማለት ነው። ይህን ሁሉ የነገረኝ ጭንቀቱን ለመርሳት ይመስለኛል።

«ማን ሠራልህ?» አልኩት ቀና ሳልል።

«ሚስቴ። የስኮትላንድ ሰው ነበረች። መንፋትም ያስተማረችኝ እሷ ናት።»

«ነበረች» የምትለዋ ቃል በየትኛውም ቋንቋ ክብደቷ አንድ ነው። ካለፈች ወዲህ ብቻውን ቆሞ ሊነፋ የመጀመሪያው ቀን መሆኑን፣ የሚነፋውም እሷ የምትወደውን ዜማ መሆኑን ጨመረልኝ። ሌላ ካልሲ ለምን እምቢ እንዳለ ያኔ ገባኝ። ሳላውቀው ክሩን አጠበቅሁት፤ የሹራብ መምህሬ በመርፌ ቸብ ያደርጉኝ ዘንድ የሚገባኝ ሰዓት ነበር።

የተፈታውን ሰብስቤ ጉንጉኑ ጋ ስደርስ አንድ ነገር አየሁ። ጉንጉኑ ከላይ እስከ ታች ወደ ቀኝ እየተጠማዘዘ ነው የሚወርደው፤ ከቀዳዳው አጠገብ ግን አንዷ ጥምዝ ወደ ግራ ዞራለች። ስህተት ነው። እንዲህ ያለ ሥራ የሠራች ሴት ይህን ሳታይ አትቀርም። እኔም ደስ እያለኝ፣ «አሁንስ ላቃናልሽ» ብዬ በልቤ ለሟቿ እየነገርኳት፣ ቀለበቶቹን ወደ ቀኝ ላሻግር ስል ከላይ ድምፅ መጣ።

«እሷን አትንኪያት።»

«ተሳስታለች እኮ።»

«አውቃለሁ። ያን ቀን እኔ ነኝ ያሳቅኋት። ስትስቅ ሳተች። ፍቺና አስተካክይው ብላት ‹ሳቄን አልፈታም› አለችኝ።»

ሹራብ ለማትሠሩ ይህን እንዴት ላስረዳችሁ? የራስን ስህተት ማረም ቀላል ነው። የሌላ ሰውን ስህተት፣ አውቆ፣ ተጠንቅቆ፣ አሳምሮ መድገም ግን ጣት ይቆላልፋል። እጄ ወደ ቀኝ ሊሄድ ይታገለኛል፤ እኔ ወደ ግራ እጎትተዋለሁ። የአንዲትን ሴት ሳቅ በመርፌ ጫፍ ይዣለሁና ትንፋሼን ዋጥኩ።

ታዲያ ሰይጣን ሰዓት አይመርጥም ያለው ማነው? ልክ በዚህች ቅጽበት ቀና ስል፣ ከተመልካቹ ገመድ ማዶ አንዲት ነጭ ነጠላ አየሁ። እትዬ ዘውዴ ናቸው! ከቅዳሴ ሲመለሱ የእምቢልታ የሚመስል ድምፅ ሰምተው ምን ጉድ ነው ሲሉ ጎራ ብለው ኖሯል። እትዬ ዘውዴን የማያውቅ የኦስሎ ሐበሻ የለም፤ እሳቸው የማያውቁትም ሐበሻ የለም። ያዩትን እንደ እሳቸው ሆናችሁ እዩት፤ በጾመ ፍልሰታ፣ በአደባባይ፣ ፀዳለ ወልደሰንበት ቀሚስ የለበሰ ወንድ እግር ሥር ተንበርክካ፣ ፊቷን ባቱ ላይ ደፍታለች። ዓይን ለዓይን ተጋጠምን። በሦስት ጣታቸው አማተቡ።

ተነስቼ ልሩጥና ላስረዳ? ብነሳ ቀለበቶቹ ይፈታሉ። ባልነሳ ስሜ ይፈታል። መርፌውን አየሁ፣ ነጠላውን አየሁ። «እትዬ ዘውዴ!» ብዬ ተጣራሁ፤ እጄ እንጂ አፌ ሥራ አልያዘምና። ግን ከበሮ ይመታ ነበር። ዳግመኛ ቀና ስል ነጠላዋ የለችም። እኔም አንገቴን ደፍቼ ሳቋን ወደ ግራ አሻገርኳት።

የመጨረሻዋን ቀለበት ዘግቼ ክሩን በጥርሴ ቆረጥኩ። ኦድቫር ባቱን ዳሰሰ፤ ጥምዟን በጣቱ ፈልጎ አገኛት። መሣሪያውን ብብቱ ሥር ወትፎ ብቻውን ወደ ሜዳው መሐል ገባ። ነፋ። ያ ጠዋት ፍየል ያልኩት ነገር፣ ይቅር ይበለኝ፣ አሁን ሰው ሆነ። ግንድ ወርዋሪዎቹ ሳይቀሩ ግንዳቸውን አውርደው ቆሙ። ዜማው ተራራ እየወጣ፣ አፋፍ ላይ ቆም እያለ፣ እንደገና እየወጣ፣ መጨረሻ ላይ ከረጢቱ ትንፋሹን ጨርሶ ጸጥ ሲል፣ እኔ ሳላስበው እልል አልኩ። ረጅም፣ የሠርግ እልልታ። ሜዳው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ከዚያ የፕሮግራሙ አካል መሰላቸው መሰለኝ፣ ጢማሞቹ ወንዶች ምላሳቸውን እያርገበገቡ ይከተሉኝ ጀመር! ማሪት ዓይኗን በእጇ ጠረገችና «ጥሩ ነበር» አለች። ለማሪት ይህ ከእኔ እልልታ በላይ ነው።

እኛ በባነው ተሳፍረን አመሩድ ስንደርስ ወሬው ቀድሞን ስቶቭነር ያለውን ሐበሻ ሁሉ አዳርሶ ነበር። «ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር» ይባላል፤ ሰዉ የጨመረው መላ ሳይሆን ቅመም ነው። በመጀመሪያው ስልክ እግር እያጠብኩ ነበር። በሁለተኛው፣ ጸሎተ ሐሙስን በነሐሴ የሚያከብር እምነት ውስጥ ገብቻለሁ። በሦስተኛው የእምነቱ አለቃ ቀሚስ የሚለብስ ሲሆን እኔን በእልልታ ሾሞኛል። ማታ እህቴ ከአዲስ አበባ ደወለች፤ አንድ ሰው በስልክ ካርድ ነግሯት ኖሯል። «ፀዱ፣ እውነት ነው እንዴ?» ብላ አለቀሰች። «ካልሲ ነው!» አልኳት። «ካልሲ የሚባል ሃይማኖት አልሰማሁም» ብላ ይብሱን አለቀሰች።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እትዬ ዘውዴን ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ጠብቄ ያዝኳቸው።

«እትዬ፣ ትናንት ያዩትን ላስረዳዎት።»

«እኔ ምን አየሁ ልጄ? ዓይኔ ደክሟል» አሉ፤ ዓይናቸውን ግን ከእኔ ላይ አላነሱም።

ከካስማው ጀምሬ ነገርኳቸው። ስለ ተቀደደው ነገርኳቸው፤ ስለ ሟቿ፣ ስለ ዜማው፣ «ሳቄን አልፈታም» ስላለችው ነገርኳቸው። እዚህ ላይ ስደርስ እትዬ ዘውዴ የነጠላቸውን ጫፍ ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። «አዬ! አዬ የሰው ነገር! ነፍሷን ይማር፣ ምን ዓይነት ደግ ሴት ኖራለች» እያሉ ከልባቸው አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ። ተቃቅፈን ተላቀስን። ስሜ ከነ ክብሩ እንደ ተመለሰልኝ እያሰብኩ፣ እፎይ ብዬ ጫማዬን ላጠልቅ ጎንበስ አልኩ።

ከጀርባዬ የስልክ ቁልፍ ሲነካካ ሰማሁ።

«ሃሎ፣ አልማዝ? ትናንት የነገርኩሽን እርሺው፤ ሃይማኖት አይደለም። ስሚኝማ፣ ሰውየው ሚስቱ ሞታበታለች! አዎ፣ ብቻውን ነው! ሥራ አለው፣ ጨዋ ነው፣ ሚስቱን እንዴት ይወድ እንደነበር ብትሰሚ! ቤቱም እዚሁ ሮመን ሰፈር ነው፤ በረንዳ አለው!»

ቤቱ ሮመን መሆኑን እኔ ራሴ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው።